የዓሣ ገንዳው ጭረት

በደርግ ዘመን አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር፣ የቅጥር ደብዳቤዬ ስለ ዓሣ አንድም ቃል አልነበረበትም። «በጽሕፈትና በመዝገብ ሥራ» ነበር የሚለው። በሦስተኛው ወር ግን የመሥሪያ ቤታችን የዓሣ ገንዳ መስታወት ወልዋይ ሆንኩ። ለዚህ ኃላፊነት ያበቃኝ ትምህርቴ አይደለም፤ የፖለቲካ ንቃቴም አይደለም። ጥፍሬ ነው።

ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ አንድ ባለሙያ ነበር። ቻሞ ሐይቅ ላይ ሁለት ዓመት ዓሣ ሲለካና ሲመዝን የከረመ፣ ፀሐይ ራሰ በራውን እንደ ቲማቲም ያቀላችው ሰው ነው። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ለምርምር ይጠቀምበት የነበረውን የመስታወት ገንዳ ለመሥሪያ ቤታችን ትቶ ሄደ። ገንዳው ሁለት እጅ ተዘርግቶ የሚያህል ርዝመት፣ ወፍራም መስታወትና የብረት ጠርዝ ነበረው። ውስጡ ስድስት ቆሮሶና አንድ ዓሣ በል አምባዛ ነበሩ። አምባዛው ውስጥ ስለነበር ቆሮሶዎቹ ብዙም ሳይቆዩ አምስት ሆኑ፤ ጥቂት ቆይቶም አራት።

ባለሙያው ሊሄድ ሲል ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ እንደ ትምህርት ቤት ንጽሕና ተቆጣጣሪ እጅ እጃችንን አየ። ሒሳብ ሹማችን የትንሿን ጣቱን ጥፍር ለፋሽን አሳድጓታል። ጓድ ኃላፊያችን ቀለበትና ሰዓት አድርጓል። እኔ ጽሕፈት መኪና ላይ ስለምውል ጥፍሬን እስከ ሥጋው ነው የምቆርጠው፤ ቀለበት ደግሞ ያኔ የሚያደርግልኝ አልነበረም። ባለሙያው እጄን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና «ይህ ጥሩ!» አለ። ጓድ ኃላፊም አጨበጨበ፤ እሱ ሲያጨበጭብ ሁሉም አጨበጨበ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨበጨበልኝ ጥፍር ስለሌለኝ ነው።

የባለሙያው አማርኛ ጥቂት ቃላት ነበረች፤ ከእነሱም ግማሾቹ የዓሣ ስሞች ናቸው። ቢሆንም መስታወት ሳይጫር እንዴት እንደሚጸዳ ያስተማረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከገንዳው ግርጌ አንድ ቁንጥር አሸዋ አነሣና ዓይኔ ሥር አመጣው።

«አሸዋ ጠላት ነው» አለኝ።

ጠላት የሚለውን ቃል ከሬዲዮ እንደቀሰመው ግልጽ ነበር። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ከፍቶ ይህን ቃል ሳይማር የሚቀር የውጭ አገር ሰው አልነበረም። ከዚያ ለስላሳ ነጭ ጨርቅ ውሃ አስጠግቦ መስታወቱ ላይ አሳረፈው። ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ያወርደዋል፤ አውጥቶ ያለቀልቀዋል፤ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ጨርቁ ግርጌውን ከነካ አሸዋ ይዞ ይወጣልና እስኪጠራ ይታጠባል። ሳሙና የለም፤ ዓሣ ይገድላል። የጠነከረ ቆሻሻ ካለ እርጥብ ጨርቅ ለጥፎ መጠበቅ እንጂ መፈግፈግ የለም። «መጠበቅ፣ መጠበቅ» አለኝ ሰዓቱን እያሳየ። ሰዓቱን ግን ከእጁ አውልቆ ኪሱ ውስጥ አድርጎት ስለነበር ያሳየኝ ኪሱን ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ጓድ ኃላፊ ገንዳውን ከጨለማው ጥግ አስነሥቶ በምሥራቁ መስኮት ሥር አስቀመጠው። ከውጭ በር የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲያየው ነው። ቢሯችን ከከተማው ከፍ ብሎ ባለው ሰቻ ሰፈር ስለነበር ከበረንዳው ቆሞ አባያንም ቻሞንም ማየት ይቻል ነበር። ሁለት ሐይቅ ሙሉ ዓሣ እያየን፣ አምስት ዓሣ ለማሳየት እንደዚያ ስንደክም ያስገረመው ሰው አልነበረም። እኔንም ጭምር።

ስለ ጓድ ኃላፊ ትንሽ ልበል። ከሰሜን የመጣ፣ ወደ ሲቪል ሥራ የተዛወረ ወታደር ነበር። ያኔ በ«እርስዎ» ነበር የማነጋግረው፤ ዛሬ ግን እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ ብዙ ስለራቅሁ «እሱ» ብለው ቅር የሚለው አይመስለኝም። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል። ጫማው ያብረቀርቃል፤ የቀበቶው ዘለበት ያብረቀርቃል፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ምስሎች በየጠዋቱ በመሐረቡ ይወለውላል። የበላይ ሰው ግን አጥብቆ ይፈራል። ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደወልለት ቆሞ ነበር የሚያነጋግረው።

መስኮቱ ሥር የተቀመጠ ውሃ ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን እንደ እኔ በላንቴ መንደር የሙዝ መስኖ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መስታወቱ ከውስጥ አረንጓዴ ልጋግ ለበሰ። ዓሦቹ በሾርባ ውስጥ የሚዋኙ መሰሉ።

«ጓድ፣» አልኩት፣ «ፀሐዩ ነው። ወደ ነበረበት ጥግ ብንመልሰው ይሻላል።»

«ወደ ጨለማው?» አለኝ ቅንድቡን ሰቅሎ። «እኛ ከጨለማ ነው የወጣነው፤ ወደ ጨለማ እንመለስ ነው የምትዪው?»

እኔ ያልኩት ስለ ቆሮሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይ አላነሣሁም፤ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ መወልወል ያዝኩ። ባለሙያው የተወልን ነጫጭ ጨርቆች አንድ በአንድ ጠፉ፤ አንደኛው ሒሳብ ሹሙ አንገት ላይ ላብ መጥረጊያ ሆኖ አየሁት። በቀረኝ በአንዱ ስወለውል እሱም አለቀና ከመጋዘን ጆንያ ቀዶ ሰጡኝ። ጆንያውን በእጄ መዳፍ ስሞክረው መዳፌን ላጠኝ። ስለዚህ አልተጠቀምኩበትም፤ ልጋጉም በረታ።

ያዳኑኝ የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። ከጨንቻ ደጋ የወረዱ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እማማ» ነበር የምንላቸው። በጋሞኛ ወንድም ሴትም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። እማማ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሁለቱን ቃላት አገላብጠው ይዘዋቸዋል፤ ሴቱን «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ይላሉ። «ጓድ፣ እግርሽን አንሺ፤ ልወለውል ነው» ሲሉት ጓድ ኃላፊ ዝም ብሎ እግሩን ያነሣል። መጀመሪያ ላይ ሊያርማቸው ሞክሮ ነበር። እሳቸውም «እሺ፣ ገባኝ፤ አንቺ ጎበዝ» ብለው ስላመሰገኑት ተወው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እሱን «አንቺ» ብሎ በሰላም ቤቱ የሚገባ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ጠዋት እማማ ዘንቢላቸውን ይዘው ገንዳው አጠገብ መጡ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ከሚሠራ ዘመዳቸው የተቆረጠ የሙዝ ግንድ አምጥተዋል። ለብቻችን ስንሆን በጋሞኛ ነበር የምናወራው። የግንዱን ውጫዊ ልጣጭ በቢላዋ ገፈው ውስጡን አሳዩኝ፤ ነጭ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃ የጠገበ፣ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ ነገር ነው።

«ይሄ ምን ይጭራል?» አሉኝ። «የልጅ ፊት ብታጥቢበት እንኳ አያለቅስም።»

በጋሞኛ ሲናገሩ ምንም የሚዛነፍባቸው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ሹል ምላስ ነበራቸው። ደም የምንለው ነጭ ፈሳሹ እስኪያልቅ በሦስት ውሃ አጠቡት፤ ከዚያ ባለሙያው ባስተማረኝ መንገድ ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። ልጋጉ እንደ ቅቤ ተላጠ። መስታወቱ ላይ አንዲት መስመር አልቀረችም። አምባዛው ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ጢሙን እያወዛወዘ አየን። እማማ ሳቁ። የሙዝ ደም ግን ቀሚሴ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ፤ ማንም ታጥቦ ሲለቅ አይቶት የማያውቅ ጥቁር ነጠብጣብ። ያለኝ የቢሮ ቀሚስ ሁለት ብቻ ነበር። ገንዳው በጠራ ቁጥር እኔ እየቆሸሽኩ ሄድኩ።

እንዲህ እያልን ከሁለት ወር በላይ ቆየን። ከዚያ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ የበላይ አካል ልዑካን ሊጎበኙን ነው። ደብዳቤውን አንብቤ ለጓድ ኃላፊ ስሰጠው ተቀምጦ የነበረው ሰውዬ ቆሞ አነበበው። በዚያው ቀን ኮሚቴ ተቋቋመ። የግቢ ጽዳት ኮሚቴ፣ የመፈክር ኮሚቴ፣ የምሳ ኮሚቴ፤ የዓሣ ገንዳውም ራሱን የቻለ ኮሚቴ ነበረው። የገንዳው ኮሚቴ አምስት አባላት ነበሩት። ከአምስቱ ገንዳውን ነክቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ እኔን ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ጠሩኝ።

ኮሚቴው መስታወቱን ሲመረምር ከውሃው ጠርዝ በላይ ነጭ መስመር አገኘ። ውሃው በፀሐይ እየተነነ ዝቅ ሲል የሚተወው የደረቀ ጨው ነው። እኔ ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። ሎሚ ጨምቄ፣ ጨርቅ ነክሬ፣ መስመሩ ላይ ለጥፌ ነበር።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ራሱ ይለቃል» አልኩ። «መፈግፈግ የለበትም፤ መጠበቅ ብቻ ነው።»

«ልዑካኑ ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው የሚገቡት» አለ ጓድ ኃላፊ።

«ይደርሳል፣ ጓድ።»

«ባይደርስስ?»

«ባይደርስስ» የሚል ጥያቄ በዚያን ጊዜ ለማንም መልስ ያለው ጥያቄ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ቀድሜ ስደርስ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። እማማ መወልወያቸውን ይዘው አዳራሹ መሐል ቆመዋል፤ አይወለውሉም። ወለሉ ላይ ውሃ ተንጠባጥቧል። ገንዳው ሥር የተጨማደደ የጆንያ ቁራጭና የተደፋ የኩልፎ አሸዋ፣ ያን ደቃቁን፣ ሴቶች ድስት የሚያፀዱበትን አየሁ። ቀና ስል ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። የመስታወቱ ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጭሯል። ዶሮ ስትጭረው የዋለችው ግቢ ይመስላል። ነጩ መስመር ለቅቋል፤ በእሱ ቦታ ሺህ መስመር ገብቷል።

እማማ በአገጫቸው ወደ ጓድ ኃላፊ ቢሮ ጠቆሙኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጓድ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የሁለቱም እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል። አየኝና ዓይኑን ወደ ወረቀት መለሰ። ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ፤ እማማም ሳይቀሩ መወልወያቸውን እንደያዙ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ቦታዬ ከጓድ ኃላፊ ጎን ነው። ተነሥቶ ስለ ሕዝብ ንብረት ረጅም ንግግር አደረገ። አንድ ጊዜ «ጥንቃቄ ማነስ» አለ፤ አንድ ጊዜ «አሻጥር» አለ። በዚያ ቃል ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከቤቱም የጠፋ ሰው እናውቅ ነበር።

«ማን ጫረው አልልም» አለ በመጨረሻ። «ኃላፊነት ያለበት ሰው ግን ግለ ሂስ ያደርጋል።»

የመስታወቱ ኃላፊነት በጭብጨባ የተሰጠው ለእኔ ነው። አባቴ ላንቴ ውስጥ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የእህል መጋዘን ሆኗል፤ እሳቸውም በየሳምንቱ ቀበሌ እየቀረቡ ይፈርማሉ። እንደ እኔ ያለ ሰው ስለ መስታወት አይከራከርም። ተነሣሁ። በቂ ጥንቃቄ እንዳላደረግሁ፣ ለወደፊቱ እንደምታረም፣ ለሕዝብ ንብረት ያለኝን ንቃት እንደማሳድግ ተናገርኩ። ከዚያ ተቀምጬ የተናገርኩትን ራሴው ጻፍኩት። የራስን ግለ ሂስ ራስ መጻፍ አንድ ጥቅም አለው፤ ያልተናገርሽውን የሚጨምርብሽ የለም።

ልጨርስ ስል ከኋላ የመወልወያ እንጨት ወለሉን ሲመታ ተሰማ። እማማ ቆመዋል።

«ውሸት!» አሉ በአማርኛ። አገጫቸውን ወደ ፊት፣ ወደ እኛ ጠረጴዛ ቀሰሩ። «አንቺ ነሽ! አንቺ ፈግፍገሽ! በአሸዋ! እኔ በዓይኔ አየሁ!»

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እማማ «አንቺ» ማንን እንደሚሉ ያውቃል። ሁሉም ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ሰደደ፤ ከጠረጴዛው በስተኋላ የተቀመጥነው ግን እኔና ጓድ ኃላፊ ነን፣ ትከሻ ለትከሻ። የጓድ ኃላፊ ፊት ለአንድ አፍታ አመድ መሰለ። ከዚያ ደም ተመለሰበት።

«እንግዲህ ምስክርም ተገኘ» አለ። «አንቺ ብለዋል። ግልጽ ነው።»

ሒሳብ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምናልባት በጋሞኛ ቢናገሩና እሷ ብትተረጉምልን?» አለ ወደ እኔ እያመለከተ።

«ምን አስፈለገ?» አለ ጓድ ኃላፊ ቶሎ ብሎ። «አማርኛቸው ይሰማል።»

እውነቱን ለመናገር ጋሞኛውም አይረዳንም ነበር፤ በጋሞኛ ያው አንድ ቃል ነው። የሚለየው የአገጫቸው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አገጭ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም። ግን ልናገር ብል መናገር እችል ነበር። እማማ ሊቀጥሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ በዓይኔ ለመንኳቸው። ለእኔ ብለው ከተናገሩት በላይ ቢናገሩ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የፈራሁት ግን ለራሴ ነበር። አፋቸውን ገጥመው ተቀመጡ። እኔም የተናገሩትን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ «ውሸት፤ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ፈግፍገሽ፤ በአሸዋ፤ እኔ በዓይኔ አየሁ።» ተነበበ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሰነዶች ሁሉ አንዲት ቃል ሳትዛነፍ ውሸት የሆነ ያ ብቻ ነው።

ስብሰባው ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። እኔ የጽሑፍ ተግሣጽ ይሰጠኝ፤ ገንዳው ደግሞ ይዙር፣ ያልተጫረው ጀርባው ፊት ይሁን። ሁለተኛው ውሳኔ እንኳ ብልህነት ነበረው። ገንዳው ግን ከነውሃው አይነቃነቅም። ውሃው በባልዲ ተቀዳ፤ ቆሮሶዎቹ በአንድ ባልዲ ገቡ፤ አምባዛውን ወንዶቹ በእጃቸው ለመያዝ ሞከሩ። እንደ ሳሙና አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አምባዛ ደግሞ ውሃ ባይኖርም የሚሄድበትን የሚያውቅ ዓሣ ነው። አዳራሹን አቋርጦ፣ የመፈክር ጨርቅ የሚጽፉትን ሰዎች እግር ለእግር አልፎ፣ መዝገብ ቤት ገባና ከብረት መደርደሪያው ሥር ተወሸቀ።

መዝገብ ቤት የእኔ ክፍል ነው። ጓድ ኃላፊ ሌሎቹን «እናንተ ገንዳውን አዙሩ» ብሎ መለሳቸውና ከእኔ ጋር ገባ። በሆዱ ተኝቶ እጁን ከመደርደሪያው ሥር ሰደደ። ያ የሚያብረቀርቅ ጫማ በአየር ላይ ቀረ። እኔ በሌላው ጫፍ እርጥብ ጆንያ ይዤ ተንበርክኬ እጠብቃለሁ። አምባዛው ያጉረመርማል።

«ዘለበት መስሎኝ ነው» አለ ድንገት፣ ፊቱ ወለሉ ላይ እንደተለጠፈ።

«አቤት፣ ጓድ?»

«የቀበቶ ዘለበት። ጦር ሠራዊት እያለሁ ደቃቅ አሸዋ በጨርቅ አድርገን ነበር የምናብረቀርቀው። እንደ መስተዋት ነበር የሚሆነው።» እጁን የበለጠ ወደ ውስጥ ሰደደ። «መስተዋት እንዲህ የሚሆን አልመሰለኝም።»

«እሱ ናስ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

«ለምን ዝም አልሽ? እኔ እንደሆንኩ አውቀሻል።»

«አባቴ ወንጌላዊ ናቸው፣ ጓድ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ፋይልሽ ከእኔ ጋ ነው።»

ይህ ማስፈራሪያ ይሁን ማጽናኛ ከፊቱ እንዳላነብ ፊቱ ወደ ወለሉ ነው። በዚህ መሐል እማማ ገቡ፤ ሁለታችንንም አዩን፤ ጆንያውን ከእጄ ነጥቀው በእንጨታቸው ጫፍ አምባዛውን ገፋ ሲያደርጉት ዘሎ ወጣ። ጠቅልለው አነሡት።

«ተነሺ፣ ጓድ» አሉት። «ልብስሽ ቆሸሸ።»

ጓድ ኃላፊ ተነሥቶ ደረቱን አራገፈ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ «የተግሣጹን ደብዳቤ» አለኝ፣ «አትተይቢው።» በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ታይፒስት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ያልተየብኩት ደብዳቤ በዚያ ቢሮ አልተጻፈም ማለት ነው። ስለ ይቅርታ ቀጥተኛ ቃል አልወጣውም፤ እኔም አልጠበቅኩም። እስከ ዛሬ ሳስበው ግን፣ በዚያ ዘመን ከአለቃ የተሰጠኝ ትልቁ ስጦታ ያ ነው።

እማማ ግን ሦስት ቀን አኮረፉኝ። ሲያኮርፉ ጋሞኛውን ትተው በአማርኛ ነበር የሚያናግሩኝ። «አንተ ፈሪ ነህ» አሉኝ በር ላይ ስንተላለፍ። ትክክል ነበሩ።

ልዑካኑ በተባለው ቀን ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ደረሱ። የምዕራብ አባያ መንገድ አቧራ ቅንድባቸውን ሳይቀር አልብሶታል። ሦስት ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ የተዞረው መስታወት በመስኮቱ ብርሃን ያበራል፤ እኔ በሙዝ ግንድ ሁለት ጊዜ አውርጄበታለሁ። ጓድ ኃላፊ ስለ ሐይቆቻችን ሀብት ያዘጋጀውን ንግግር ጀመረ። ዋናው ሰውዬ ወደ ገንዳው ተጠጋ። መስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት አየና የቅንድቡን አቧራ በጣቱ ጠረገ፤ ኮፍያውን አስተካከለ። ሁለተኛው አምባዛውን እያየ «ይሄኛው ለጥብስ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። «ለወጥ ይሻላል፣ ጓድ» አለ ጓድ ኃላፊ፣ ንግግሩን አቋርጦ። ሦስተኛው አምባዛው እንዲንቀሳቀስለት በመኪና ቁልፍ መስታወቱን አንኳኳ፤ አንዲት ቀጭን ጭረት ተወበት። ሁሉም አየ። ጓድ ኃላፊ ፈገግ አለ፤ እኛም ፈገግ አልን። ግለ ሂስ ያደረገ የለም። ወደ ምሳ ሄዱ፤ ምሳው ዓሣ ነበር፤ እንደወደዱት በኋላ ሰማን።

በዓመቱ ጓድ ኃላፊ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሲሄድ ሁላችንንም ጨበጠን። እማማ «ደህና ሁኚ፣ ልጄ» አሉትና ሁለቱንም ጉንጩን ሳሙት፤ ዓይኑ እርጥብ እንደነበር አይቻለሁ። በእሱ ቦታ የተተካው ኃላፊ ወንበር እንጂ ዓሣ አይወድም፤ ገንዳው ቦታ ይዟል ብሎ እንዲነሣ አዘዘ። ገንዳው ወደ መጋዘን ሄደ፤ ለጥቂት ጊዜ የዘር ማሽላ ማስቀመጫ ሆኖ አገለገለ። ዓሦቹን ምን እናድርጋቸው ብዬ ስጠይቅ አዲሱ ኃላፊ የጠየቅሁት አልገባውም። «ከየት ነው የመጡት?» አለኝ። «ከቻሞ» አልኩት። «ታዲያ» አለኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

በፒክአፕ ሁለት ባልዲ ይዘን ወደ ቻሞ የወረድነው እኔ፣ እማማና ሾፌሩ ነን። ቆሮሶ የቀረው ሁለት ነበር። አምባዛው ግን እንደ ሕፃን ልጅ ክንድ ወፍሯል። ዳር ላይ መረብ የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ ተቀምጦ ነበር። አዞ ያለበትን ቦታ አሳየንና ከእሱ ራቅ ያለ ጥልቅ ያልሆነ ቦታ መረጠልን። ባልዲዎቹን ስናዘነብል ቆሞ አየ፤ ሳቁን ለመያዝ ሞክሮ አልቻለም።

«በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ዓሣ ከሐይቅ ሲያወጣ ነው ያየሁት» አለ በጋሞኛ። «የመንግሥት ሥራ ነው?»

«የመንግሥት ነው» አልኩት።

ቆሮሶዎቹ ወዲያው ጠፉ። አምባዛው ጥልቅ ባልሆነው ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ፤ የሚያቆመው መስታወት የት እንደሄደ የሚፈልግ ይመስል ነበር። እማማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡና ከኋላው ውሃውን በእጃቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ጭራውን አንድ ጊዜ አወዛወዘና ወደ ጥልቁ ሄደ።

ዓሣ አጥማጁ መረቡን አስቀምጦ ከእኛ ጋር አብሮ ቆሞ ያይ ነበር።

«ወደየት በኩል ሄደ?» አለ።

እማማ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ ወዲያ፣ አምባዛው ወዳልሄደበት አቅጣጫ ጠቆሙት።